በደካማ ጎን መስመር ላይ ያልጻፍኩት

በመምህርነት ዘመኔ የሞላሁት ቅጽ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከቤቴ እስከ ሄርማታ ገበያ ይደርሳል እያልኩ እቀልዳለሁ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ቃል በቃል የማስታውሰው ግን አንዱን ብቻ ነው። በላዩ ላይ የጻፍኩት አራት ቃል ነው፤ «ማክሰኞና ሐሙስ አርፍዶ ይመጣል»። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ከሥሩ ያለው የአውራ ጣት አሻራ የሌላ ሰው ነው።

ጊዜው ግምገማ እንደ ቁርስና ምሳ የተለመደበት ነበር። መምህራን አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየሳምንቱ እርስ በርስ እንተቻቻለን። ትምህርት ቤታችን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ውስጥ፣ የባጃጅ ጡሩምባ ከደወላችን በላይ የሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ጅማ የቀረ ጸሐፊ ስለነበር ከሱ የወረስኩት ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ብቻ ነው። ርእሰ መምህሩ የማጠናከሪያ ትምህርት አስተባባሪ ሲያደርገኝም «ያንቺ ጽሑፍ ይነበባል» አለኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ማጠናከሪያ የምንለው ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ ላቃታቸው ልጆች የተዘጋጀ ነው። ልጆቹ ጠዋት ይማሩና ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። ይመጣሉ ተብሎ ይታሰባል ማለቴ ነው። የቡና ወቅት ሲሆን ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ሄርማታ መጋዘን ውስጥ ከእናቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። በእንዲህ ያለ ወቅት መዝገብ ላይ የሚጠራ ስም ይበዛል፤ «አቤት» የሚል አይገኝም።

ክፍሉን የያዘው መምህር ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ሲናገር ድምፁ ስለማይወጣ ጎረቤት ክፍል ያለው ሰው እያስተማረ መሆኑን አያውቅም። ግን በዚያ ዓመት እሱ ክፍል ውስጥ «አቤት» የሚሉ ልጆች ነበሩ። እንዴት እንደሚያመጣቸው ለማወቅ አልሞከርኩም። ቁጥሩ ሲያምርልኝ ዝም ብዬ ሞላሁት።

ከልጆቹ መሐል የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ሄርማታ መስጊዱ ጀርባ የቡና ጆንያ ይጠግናል፣ እናቷ መጋዘን ቡና ትለቅማለች። ልጅቷ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እንደ ማኅተም አሳምራ ትገለብጣለች፤ የገለበጠችውን አንብቢ ስትባል ግን ዐይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አታልላን አለፈች፤ ማታለሏ አይደለም፣ እኛ ነን ደብተሯ ንጹሕ ስለሆነ ያሳለፍናት። መምህሩ ፊደሉን ዘር በዘር፣ ሳይቸኩል ጀመረላት። አንድ ሐሙስ በክፍሉ ሳልፍ የሳሙና መጠቅለያ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች። አንዳንዱን ፊደል ትዘለዋለች፤ መምህሩም «እሱን ገና አልደረስንበትም፣ እለፊው» ይላታል። በሩ ላይ ቆሜ እስክትጨርስ አዳመጥኩ።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የማጠናከሪያ ትምህርት በመምህራንና በወላጆች አስተያየት ተገምግሞ ይሻሻል ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ከላይ ወደ ታች ሲነገረን ኖረን አሁን ደግሞ ከታች ሊጠየቅ ነው ብዬ አመንኩ። ቅጹ ሦስት መስመር አለው፤ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ የተወሰደ መፍትሔ። እያንዳንዱ መስመር ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

ወላጆችን ሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ ዱዓ አደረጉልን፣ አንዲት እናት «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለች በኦሮምኛ አመስግና እጄን ሳመችኝ። አስተያየት ስጡ ስንላቸው «ልጆቻችንን ይዛችሁልናል፣ ምን እንላለን» አሉ። ደካማ ጎን የሚለውን መስመር ባዶውን ትተን ሰላሳ የሚሆን ቅጽ ላክን። በሳምንቱ ሁሉም ተመለሰልን። በላዩ ላይ በቀይ ቢክ «ደካማ ጎን የሌለው ግምገማ፣ ግምገማ አይደለም» ተብሏል። ርእሰ መምህሩ ቁልሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «እባክሽ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ድክመት ለቅመሽ አምጪ» አለኝ። ሳቅን። ያኔ ያሥቅ ነበር።

እንግዲህ ቤት ለቤት ስዞር ሰነበትኩ። ሰው ቤት ገብቶ ነቀፋ መለመን ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዷ «ደወሉ አይሰማም» አለችኝ። አንዱ ወንበሩ ልብስ ይቀድዳል አለ። አንድ አባት ደግሞ ብዙ አሰቡና «እርስዎ ከስተዋል፣ ይብሉ» አሉኝ። ይኼንንም ጻፍኩት፤ መስመሩ መሙላት ስላለበት።

ጆንያ ጠጋኙ ጋ የደረስኩት ደክሞኝ ነው። ከጆንያ ክምር ላይ ተነሥቶ ለእኔ በርጩማ ጠርጎ አስቀመጠልኝ፤ ሲባጎ ያለበትን ረዥሙን የጆንያ መርፌ ሸሚዙ ደረት ላይ ሰካው። ፊደል አልቆጠረም፤ እኔን ያከብረኛል። ስለ መምህሩ ስጠይቀው ዱዓውን አወረደው።

«ጋሼ፣ ምርቃቱን ጽፌያለሁ፤ አሁን ደካማ ጎን ይንገሩኝ» አልኩት።

«ወላሂ የላቸውም፣ ቲቸር።»

«አንድ ብቻ። ያለሱ አይቀበሉኝም። ሁለተኛ ጊዜ ሊመልሱብኝ ነው።»

ከንፈሩን ነከሰ፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ሲጨነቅ ይታያል። ሰው ቤቱ መጥቶ ባዶ እጁን መመለስ ለሱ ነውር ነው።

«እንግዲህ ካሉ አቦ… ማክሰኞና ሐሙስ ትንሽ አርፍደው ነው የሚመጡት። ያውም ለኛ ብለው ነው። ልጆቹ መጋዘን ውስጥ ሰፌዳቸውን ሳይጨርሱ ማን ይለቃቸዋል? እሳቸው ይሄዳሉ፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ይለቅማሉ፣ ሰፌዱ ሲያልቅ ሰብስበው ይወስዷቸዋል። ለዚያ ነው እንጂ አያረፍዱም። ይኼንን አብረው ይጻፉት፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ጻፍኩ። አራቱን ቃል ጽፌ ቀና ስል መስመሩ አልቋል።

አሁን እዚህ ላይ ራሴን ብደብቅ ማን ያውቅብኛል? ግን ይኸው፦ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ሳነብለት፣ ያልጻፍኩትንም ጨምሬ አነበብኩለት። ሰፌዱንም፣ መጋዘኑንም፣ ለኛ ብለው ነው የሚለውንም። ውሸት ልናገር ብዬ አይደለም። ቢሮ ገብቼ ከጀርባው እጨምረዋለሁ ብዬ አስቤ ነው። እሱ እያንዳንዱን ቃል ራሱን ነቅነቅ አድርጎ እያጸደቀ ሰማኝና «ጋሪዳ፣ ጥሩ አድርገው ጽፈውታል» ብሎ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የቀረኝ አሥራ አንድ ቤት ነበር፣ የፈተና እርማትም ነበር፣ ከጀርባው የሚጨመረው ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእጅ የወጣ ወረቀትም ያው ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ግምገማ ተቀመጥን። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ተወካይ መሐል፣ ርእሰ መምህሩ በጎኑ፣ እኛ ዙሪያውን። ቅጾቹ ተጠቃለው ቀርበዋል። የደወሉና የወንበሩ ጉዳይ «የግብዓት ችግር» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታለፈ። የእኔ ክሳት ሳይነበብ ቀረ። በሰው ላይ ያነጣጠረ አስተያየት አንድ ብቻ ስለነበር ሁሉም እሱ ላይ አረፈ።

«የወላጅ ቅሬታ አለ» አለ ተወካዩ። «መምህሩ ያረፍዳል። ሠራተኛው ምን ይላል?»

ሠራተኛው ማለት እኛ ነን። ከዚያ በፊት ስለሱ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ግን ግምገማ ላይ ዝም ያለ ለራሱ ይፈራል። አንዱ «በቡድን አይሠራም» አለ። ሌላዋ «ከሰዓት ሻይ ስንጠጣ አብሮን የለም፣ የት እንደሚሄድ አይታወቅም» አለች። የት እንደሚሄድ የማውቅ እኔ ነበርኩ። ተነሣሁ። «ያረፈደበት ምክንያት አለው፣ አባትየው ነግሮኛል፤ ልጆቹን ከ…» እያልኩ ሳለ ተወካዩ እጁን አነሣ። «ምክንያት መደርደር አይደለም። በቅጹ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

በቅጹ ላይ የተጻፈውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አርፍዶ ይመጣል» አልኩ። ተቀመጥኩ።

መምህሩ ተራው ሲደርስ ከመስኮቱ ዞር ብሎ «አዎ፣ አረፍዳለሁ» አለ። የሚከራከር ሰው ሂስ አይቀበልም ተብሎ ሁለተኛ ጥፋት እንደሚጻፍበት ሁላችንም እናውቃለን። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ይቅርታ ልጠይቀው ሞከርኩ። «ግድ የለም» አለኝ፤ ቀጥሎም «ልጅቷ ፊደሉን ግማሽ አድርሳለች፤ የሚቀጥለው ሰው እንዳያስቸኩላት ንገሪው» አለኝ። ስለ ራሱ አልነበረም የሚያስበው። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከአጋሮ ወዲያ ወዳለች አንዲት የቡና ከተማ ተዛወረ።

ጆንያ ጠጋኙ መምህሩ ያረፍዳል ተብሎ በወላጅ ቅሬታ እንደተነሣ የሰማው ከልጁ ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይበተን፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ በትምህርት ቤቱ በር ገባ። ነጭ ኮፍያውን አድርጓል፣ የዒድ ልብሱን ለብሷል። ነገሩን የተረዳው በሚያውቀው መንገድ ነው፤ በቃሉ ሰው ተጎድቷል፣ ስለዚህ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን ያነሣል፣ ይታረቃሉ፣ ያልቃል። ሄርማታ ውስጥ ከዚህ የከበደ ነገር፣ ደም ያለበት እንኳ፣ በዚሁ መንገድ ሲያልቅ አይቷል።

ትልቁ ሽማግሌ ከርእሰ መምህሩ ፊት ቆሞ «ይህ ሰው በቲቸሩ ላይ የተናገረውን አንሥቷል። እኛ ምስክር ነን። ቲቸሩን መልሱልን፣ እጁን ስሞ ይቅር ይባባሉ» አለ።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር አስመጣ፣ በትሕትና አናገራቸው። «አባቶቼ፣ እዚህ ጠብ የለም። ይቅርታ የሚያስጠይቅም ነገር የለም። እንዲያውም እኛ ነን የምናመሰግናቸው፤ የሳቸው አስተያየት ነው ፕሮግራሙን እንድናሻሽል የረዳን» አለ።

«እኔ ለመልካም ነበር የተናገርኩት» አለ ጆንያ ጠጋኙ። «ለምን እንደሚያረፍዱ ተጽፏል እኮ። ቲቸር ጽፈዋል። አንብበውልኛል።»

ርእሰ መምህሩ ፋይሉን አወጣ፣ ቅጹን አገላበጠ፣ ወደ እኔ ተመለከተ። ጆንያ ጠጋኙም ተመለከተኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚለው አባባል ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። «መስመሩ ጠቦኝ…» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እሱ ግን አልጮኸም፣ አልተቆጣም። «አሃ» ብቻ ነው ያለው።

«ያም ሆነ ይህ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ቃለ ጉባኤ በሽምግልና አይነሣም» አለ ርእሰ መምህሩ። ሽማግሌዎቹ ለመመረቅ እጃቸውን ዘረጉ፣ ምን ብለው እንደሚመርቁ ግን ግራ ገብቷቸው ብዙ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ እኔ ያልገባሁበት በር የለም። ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ግማሹን አስቀርቼዋለሁ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው አልኩ። ባለሙያው በደንብ አዳመጠኝና ከመሳቢያው አንድ ሪፖርት አወጣ። «በወላጆች ተሳትፎ የተሻሻለ ፕሮግራም» ተብሎ ትምህርት ቤታችን በምርጥ ተሞክሮነት ተይዟል፤ ለሌሎችም ሊሰፋ ነው። «አሁን ይኼን እንዴት አድርገን እንመልሰው እህቴ?» አለኝ። «ወላጁ ራሱ በጽሑፍ፣ በጣቱ አትሞ ካላስተካከለ በቀር የአንቺ ቃል ምን ያደርጋል?» የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እኔን ነው ብዬ ወጣሁ።

የተተካው መምህር ሰዓት አክባሪ ነው። ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ክፍል ይገባል፣ ስም ይጠራል፣ ለሦስት ልጆች ያስተምራል፣ ልክ ዘጠኝ ተኩል ሲል ይወጣል። አልፈርድበትም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራ። እኔ ራሴ ወደ መጋዘኑ ልሄድ ወሰንኩ። አንድ ማክሰኞ ሄጄ ከጆንያ ጠጋኙ ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩና እጄን ሰፌዱ ውስጥ አስገባሁ። የእናቶቹ ጣት ሳይመለከት ያውቃል፤ የእኔ ዐይን አሥር ጊዜ አይቶ ይሳሳታል። ደህናውን ጥዬ ጥቁሩን አስቀርቼ ኖሯል፣ እናትየዋ ሳትናገረኝ የለቀምኩትን ሁሉ እንደገና ለቀመችው። ሰፌዱ ሲያልቅ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ትምህርቱ ካለቀ ቆይቷል። አራት ጊዜ ሞከርኩ። አምስተኛው ላይ እናትየዋ «ቲቸር፣ ሥራው ሁለት እየሆነብን ነው» አለችኝ፤ አፍራ ነው ያለችው። ቀረሁ።

ልጅቷ ማጠናከሪያ መምጣት አቆመች። ዓመቱ አለቀ። ክረምቱ አለፈ።

በአዲሱ ዓመት ጥቅምት ላይ ቅጹ እንደገና መጣ። መስመሮቹ ያው ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ ጊዜ መስመሩን አልተከተልኩም። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በዚያ ቆንጆ በሚባለው ጽሕፈቴ፣ ከፊት አልበቃ ሲለኝ ገልብጬ ከጀርባው ሁሉንም ጻፍኩት። ባለፈው ዓመት የሰጠሁት አስተያየት ተቆርጦ ነው የቀረበው፣ መምህሩ የሚያረፍዱት ልጆቻችንን ከመጋዘን ለማምጣት ነው፣ ይመለሱልን። በጆንያ ጠጋኙ ስም። ባለሙያው «ወላጁ ራሱ» ብሎኝ አልነበር? የሚቀረው አንድ አውራ ጣት ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሄርማታ ሄድኩ።

እንደ ድሮው በርጩማ ጠርጎ አስቀመጠልኝ። እንደ ድሮው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ ጠየቀኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት፣ በዚህ ጊዜ የተጻፈውን ብቻ፣ ቃል ሳልጨምር። ሲያልቅ የቀለም መርገጫውን ከፍቼ አቀረብኩለት።

እጁን አልዘረጋም።

«ጥሩ ነው ቲቸር» አለኝ። «ባለፈውም ሲያነቡልኝ ጥሩ ነበር።»

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ይጥሩና ያንብብልዎ። ከጎረቤት፣ ከመስጊድ፣ የሚያምኑትን ሰው» አልኩት።

«አይ፣ ቤተ ሰብ ያንብብልኝ» አለና ልጁን ተጣራ። ፊት ለፊት ካለው መጋዘን መጣች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የቡና ትቢያ ፊቷ ላይ አለ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገችና ጀመረች። አንዱን ፊደል ለየች፣ ሁለተኛውን ለየች፣ ሦስተኛውን ዘለለች። ቀጥላ አንድ ቃል ሙሉውን አወጣችና ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ ደስ ብሏታል። ከዚያ በሚቀጥለው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። ወዲያ ወዲህ አለች። እኔ ከአፌ ሊያመልጠኝ የደረሰውን ቃል ዋጥኩት፤ እንዳልነግራት አባቷ በዐይኑ ይዞኛል።

«እነዚህን አላውቃቸውም» አለች ልጅቷ። «እሳቸው እዚህ ሳንደርስ ነው የሄዱት።»

አባቷ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ፣ አቧራ እንዳይነካው በክርኑ ጠረገና በሁለት እጁ መልሶ ሰጠኝ።

«አይቀየሙኝ ቲቸር» አለኝ። «እሷ አንብባ ስትነግረኝ አትምልዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

እናትየዋ ከመጋዘኑ በር ተጣራች፤ ልጅቷ ወደ ሰፌዷ ሮጠች። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት እንዳልተመዘገበች እኔም አውቃለሁ፣ አባቷም ያውቃል።